ለሙሴ የያዝኩት መርዶ

እኔ ጽሕፈት የማውቀው ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል እስከ መቁጠር ነው። የቀረውን ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስሠራ ፉርጎ ላይ ከተጻፈው ለቃቅሜ ነው። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ይሄን ነገር ግን ሰው እንደፈለገው እያጣመመ ሲያወራው ሰማሁና መቀመጥ አልቻልኩም። ኦክላንድ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ያ ሽማግሌ አረቡን ሰውዬ በመስኮት አዘለለው» ይላል። አልዘለለም። አንድ እግሩን ነው ያወጣው። ደግሞም አረብ አይደለም፤ አልጄሪያዊ ነው፣ ካቢል ከሚባሉት የተራራ ሰዎች ወገን። ሥራው የፊልም ተዋናይ ነው።

እኔ ሙሴ ነው የምለው። ድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚናገር ሰው፣ ነጭም ይሁን ጠይም፣ ሙሴ ነው። ኦክላንድ አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእሱ በርና የእኔ በር ፊት ለፊት ነበሩ። ልጄ ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፤ ሳንታ ክላራ ቢሮ ትሠራለች። ከእኔ ጋር ኑር ብላኝ እምቢ አልኩ። እዚያ ሁሉ ነገር በመኪና ነው። እኔ መኪና አልነዳም። በር እስኪከፈትልኝ የምጠብቅ ድመት አይደለሁም።

የተዋወቅነው አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነው። አንድ ረዥም፣ አፍንጫው የተጣመመ ሰውዬ ሁለት የአስቤዛ ከረጢት ታቅፎ አሳንሰሩን በፈረንሳይኛ ይሰድበዋል። ስድቡ የጣቢያ አለቃችን ስድብ ነው፣ ቃል በቃል። እኔ ፈረንሳይኛ አልተማርኩም፤ ሃያ ምናምን ዓመት ፈረንሳዮች ሲጮኹብኝ በጆሮዬ ነው የገባው።

«ሙሴ፣ ማሽን ስድብ አይሰማም። በእግርህ ውጣ» አልኩት።

ዞር ብሎ ከሰማይ የወረድኩ ይመስል አየኝ። «ፈረንሳይኛ ማን አስተማረህ?»

«ባቡር።»

ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያ ሼኽ» ይለኝ ጀመር፤ በአረብኛ «አንተ ሽማግሌ» ማለቱ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ አልኩት። «እሺ፣ ያ ሼኽ ክርስቲያኑ» አለ። በዚሁ ቀረ።

ተዋናይ ነበርኩ ሲለኝ አላመንኩትም። እዚህ አገር የሚያውቀው ሰው ከሌለ ሁሉም ጄኔራል ነው። ታክሲ ከሚነዱት መሐል ሻለቃ ያልነበረ አላገኘሁም። እሱ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ይቆርጣል። ተዋናይ ከሆንክ አሳየኝ አልኩት። ከሻንጣው የፊልም ካሴት አወጣ። ከታች ያለችው የእኛ ነርስ፣ በዲቪ የመጣች ጴንጤ ናት፣ ቤቷ ማጫወቻ አላት፤ እዚያ ወርደን ከተትነው። ሽበት የመሰለ ነገር እየተንሿሿ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው የለም። የፈረንሳይ አሠራር ስለሆነ የአሜሪካ ማሽን አያነበውም አለ።

«ዝናብ ሆነህ ነው እንዴ የሠራኸው?» አልኩት። ነርሷ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ካሴቱን አውጥቶ በመሐረብ ጠረገውና ኪሱ ከተተው። ያን ጊዜ ነው ምናልባት እውነቱን ይሆን እንዴ ያልኩት።

ከሥራ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ቁጭ ማለት አልችልም፤ እሱም አይችልም። ሐይቁን እየዞርን እያወራ፣ እያዳመጥኩ፣ እየተጨቃጨቅን ብዙ ወር አለፈ። ሕይወቱን የሰማሁት በእግሬ ነው ማለት እችላለሁ።

አባቱ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እሱም ጎረምሳ ሆኖ ጆንያ ተሸክሟል። በኋላ ሲኒማ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራው ፊልሙ በተቆረጠ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥቶ እስኪቀጠል ድረስ ሕዝቡን ማሳቅ ነው። ካላሳቀ ወንበር ይወረወርበታል። «የተማርኩት እዚያ ነው» ይላል። «አስተማሪዎቼ ወንበር ወርዋሪዎች ናቸው።»

ፈረንሳይ አልጄሪያን ለቆ ሲወጣ አገሩ የራሱን ፊልም መሥራት ጀመረ። ፊልሙ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ነው፤ ሟች በብዛት ይፈለጋል። ሌሎቹ ጥይት ሲመታቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ይወድቃሉ። እሱ ቁጭ አለ። ሥራ ውሎ እንደደከመው ሰው ዝም ብሎ መሬት ላይ ቁጭ። ፊልሙን የሚሠራው ሰውዬ «አቁሙ! ያ ማነው?» አለ። ከዚያ በኋላ በየፊልሙ ሞተ። ተተኮሰ፣ ተሰቀለ፣ ከድልድይ ወደቀ፣ አንዴ በሳምባ በሽታ። እናቱን የመጀመሪያውን እንድታይ ወሰዳት። ሲሞት እሪ ብላ ከሲኒማ ቤቱ ወጣች፤ ሁለተኛ አልገባችም። እሱ ግን ፊልም በታየ ማግስት ሁልጊዜ እየሄደ ፊቱን ያሳያታል። ጎረቤት «ልጅሽ ትናንት ሞተ» ሲላት «ጧት መጥቶ ነበር» ትላለች።

በኋላ ቴሌቪዥን መጣና አስቂኝ ሆነ። ከእጁ ሳንቲም የማይወጣ ስስታም ሙሽራ ሆኖ ሠርቶ አገር አወቀው። ገበያ ሲሄድ ሻጩ «አንተማ መልስ አትሰጥም፣ እኔም አልሰጥህም» እያለ ያስቸግረዋል። ይሄን ሲነግረኝ መንገድ መሐል ቆሞ ሻጩንም ራሱንም ይሆናል። ሯጮች እየዞሩ ያዩናል።

ከዚያ አገሩ ተበላሸ። ታጣቂዎች ዘፋኙን፣ ጋዜጠኛውን፣ ተዋናዩን እየለቀሙ ይገድሉ ጀመር። የሚመጡት ጧት ነው፣ ሰው ገና ጫማውን ሳያስር፤ ብዙ ሆነው በር ያንኳኳሉ። አንድ ቀን እሱም በሩ ሥር ቁራጭ ነጭ ጨርቅና ሳሙና አገኘ። ጨርቁ መገነዣ ነው፤ ሳሙናው ሬሳ ማጠቢያ። በዚያው ሳምንት ወጣ። እናቱን በሩ ላይ ነው የተሰናበታት።

ይሄን ሁሉ ነግሮኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ነበር ብዬ አልዋሽም።

እሱ ስልክ አልነበረውም። ስሜ የስልክ ደብተር ላይ አይወጣም ብሎ ነው። ስለዚህ እህቱ ከአልጄሪያ ስትደውል በእኔ ስልክ ነው፤ እኔ በሩን እመታለሁ፣ እሱ በነጠላ ጫማ ይመጣል። ድምፄን ለምዳ «ያ ሼኽ፣ ጉልበትህን ተሻለህ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ትኬት የሚቆርጥበት ዳስ ላይ አንዲት ሴት መኪናዋን ስታቆም አሳቃት። ፊልም ሠሪ ኖራለች። ሳን ሆዜ አንድ የፍራፍሬ ሱቅ ተከራይተው የሚሠሩት ፊልም ውስጥ ባለሱቁ እንዲሆን ጠየቀችው። ሦስት ቀን ነው፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ። አራት ጊዜ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ አንዲት ልጅ የብርቱካን ክምር ታፈርሳለች፣ እሱም ከመቆጣት ይልቅ ይስቃል። ሳቁን ነው የፈለጉት።

ሰውየው ወጣት ሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔን ገዢ አድርጎ አለማመደኝ። በቃሉ የያዘውን እንግሊዝኛ ይለዋል፣ እኔ በፈረንሳይኛ እመልሳለሁ። «ያ ሼኽ፣ ብርቱካን እየገዛህ ነው እኮ፣ እያሰርከው አይደለም!» ይለኛል።

«የበሰበሰ እንዳታቀብለኝ ነው» እለዋለሁ።

ሥራው በሚጀመርበት ዋዜማ፣ ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። እሱ ጢሙን እንዲያስተካክሉለት ፀጉር ቤት ሄዷል። ስለ ጉልበቴ አልጠየቀችኝም።

«እናታችን ዛሬ አመሻሽ ላይ አረፈች» አለችኝ። ነገ እኩለ ቀን ይቀብሯታል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳልስት እየደጋገመች፣ እንዲህ አለች፦ «አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የት ትቀበር? እዚህ ከተማው ውስጥ ከአባታችን አጠገብ ነው ወይስ ተራራው ላይ ከወገኖቿ ጋር? ‹ትልቁ ልጄ ያለው ይሁን› ብላ ነው የሞተችው። አጎቶቻችን ከአባታችን ጋር ይላሉ፤ እሱ ካለ ግን ይሰሙታል። ወደ ተራራው ከሆነ መኪናው ንጋት ላይ መነሣት አለበት። እንደመጣ ይደውል።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ተነሣሁ፤ ተቀመጥኩ፤ እንደገና ተነሣሁ። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

እኔ ያደግኩበት ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም ይላል። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ነገ ሥራ ያለበት፣ መንገድ ያለበት ሰው ላይ አይጣልም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጧት ይኬዳል፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይኖራል። የወንድሜን መርዶ ለእኔ ሦስት ሳምንት ይዘውልኛል፤ ልጄም ነርሷም እያወቁ ይስቁልኝ ነበር። ሲነግሩኝ ስድስት ሆነው ነበር የመጡት። አመሰገንኳቸው። እዚህ አገር ይሄ ሰውዬ ከእኔ ሌላ ማን አለው? ደግሞ ነገ ሥራው ነው። አሜሪካ ከመጣ ተዋናይ መሆኑን ያየለት የለም። ሦስት ቀን ብይዝለት ምን አለበት አልኩ። የመቃብሩ ነገር ግን ሦስት ቀን አይጠብቅም።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ጢሙ ተስተካክሏል፣ ሽቶ ሸቷል። «ያ ሼኽ፣ እየኝ! የፍራፍሬ ነጋዴ አልመስልም?»

«ትመስላለህ።»

«ስልክ ነበር?»

«አልነበረም» አልኩት። አፌ ሳያማክረኝ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብናገር ውሸታም ልሆን ነው። እንዲህ ነው አንዷ ውሸት ሌላዋን የምትጎትተው፣ እንደ ፉርጎ።

እሱ ክፍሉ ገብቶ በሩን ክፍት ትቶ ሳቁን ይለማመድ ጀመር። ይስቃል፤ ያቆማል፤ «አይደለም» ይላል፤ እንደገና ይስቃል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እዚያ ሌሊት ነው፤ ሬሳ ከበው ተቀምጠዋል።

«ነገርከው?» አለች።

«ነገርኩት።»

«ለምን አልደወለም?»

«እያለቀሰ ነው። መናገር አልቻለም።» ሙሴ ከወዲያ በኩል ከት ብሎ ሳቀ።

«ምንድነው የሚሰማኝ?» አለች።

«ኮሪደር ላይ ሰዎች አሉ» አልኩ፣ እግሬን ሰድጄ በሬን ዘጋሁት።

«ምን አለ ታዲያ? የት ትቀበር?»

ምን ልበላት? አላውቅም ብል ጥራው ትለኛለች። አሰብኩ። ሚስት ባሏ አጠገብ ነው የምትተኛው። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ የትም እንዲህ ነው። አጎቶቹም ያሉት ይሄንኑ ነው። ልጅ ስለ እናቱ ቢጠየቅ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

«ከአባታችን አጠገብ አለ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? እንዲያ አለ?»

«አዎ።»

ሳትሰናበተኝ ዘጋች። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፣ ትክክል ነው አልኩ ለራሴ።

ማክሰኞ አብረኸኝ ካልሄድክ አለኝ። በባቡር ዩኒየን ሲቲን አልፈን፣ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ገባን። መንገዱን ሙሉ ያወራል። እኔ መስኮት አያለሁ። አሁን ይሆን የሚያወጧት፣ አሁን ይሆን አፈር የሚመልሱባት እያልኩ። ሰዓቱን ስቆጥረው ለካ ተቀብራ አድራለች።

ሱቁ ውስጥ መብራት ተደርድሯል። ልጅቱ ብርቱካኑን አፈረሰች። እሱ ሳቀ። ጥሩ ነው ግን አንዴ ድገሙት አሉ። ብርቱካኑ ተከመረ፤ ፈረሰ፤ ሳቀ። ሰባት ጊዜ ሳቀ። በሰባተኛው መብራት የያዙት ሁሉ አብረው ሳቁና አጨበጨቡ። እኔ ወጥቼ መንገድ ላይ እንደ እስረኛ እየተመላለስኩ ነበር። ጥግ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ለልጄ ደውዬ የሙሴ እናት ትናንት መሞቷን ነገርኳት።

«አባዬ! እስካሁን አልነገርከውም?» ብላ ጮኸች። «ለምን ኮል አላደረግክልኝም? ሙስሊም እኮ ነው፣ እነሱ በነጋታው ነው የሚቀብሩት!»

«ቀብረዋታል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አሁን ንገረው።»

«ሥራ ላይ ነው። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው።»

«በእኛ ወግ ነው እንጂ በእሱ ወግ ነው እንዴ?»

መልስ ሳጣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ አደረግኩ። በመጨረሻ «ዓርብ ጧት መኪናሽን ይዘሽ ነይ፣ ጥቁር ልበሺ» አልኳት። የመቃብሩን ነገር ለእሷም አልነገርኳትም።

ረቡዕና ሐሙስ ብቻውን ሄደ። እኔ እንቅልፍም እህልም እንቢ አለኝ። ሐሙስ ማታ በደስታ ሰክሮ መጣ፤ መጠጥ አይቀምስም፣ በደስታ ነው። አቅፎ ሳመኝ።

ዓርብ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆምን። እኔ፣ ልጄ፣ ነርሷ፣ ባሏ ታክሲ ነጂው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች። ሁላችንም ጥቁር በጥቁር። ነርሷ «አባባ፣ እኔ እሪ አልልም፣ እጸልያለሁ» አለችኝ። «ጸልዪ፣ ግን ቀስ ብለሽ» አልኳት። ታክሲ ነጂው ግድግዳ የሚያክል ሰው ነው፤ ከውስጥ የሚታይበትን የበሩን ቀዳዳ ሞልቶ ቆሟል። አንኳኳሁ።

ደግሜ መታሁ። ውስጥ እግር ሰማሁ፤ መጥቶ በሩ ጋ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማን። ቁም ሳጥኑን በሩ ላይ እያስጠጋ ነው።

«ሙሴ፣ እኔ ነኝ! ክፈት!»

«ከአንተ ጋር ያሉት እነማን ናቸው?» ድምፁ ሌላ ሰው ነው።

«ሰዎች ናቸው።»

«ምን ይፈልጋሉ?»

«ሊያለቅሱልህ ነው የመጡት!»

ይሄን በማለቴ ነገሩ ባሰ። መስኮቱ ሲከፈት ተሰማ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «አባዬ፣ ምን ብለኸው ነው? ሰውየው የምንገድለው መስሎት ነው!» ብላ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። በስተኋላ ዞራ ቀና ስትል አንድ እግሩ የእሳት ማምለጫው ብረት ላይ ነው፣ በፒጃማ። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ እጇን እያወዛወዘች ስሟን ጠርታ ልጁ ነኝ፣ የሽማግሌው ልጅ ነኝ አለችው። ሳን ሆዜ ሄዶ ቤቷ በልቶ ያውቃል፤ ለያት። እኔ በበሩ በኩል ግንባሬን እንጨቱ ላይ አድርጌ የማውቀውን ፈረንሳይኛ ሁሉ አፈሰስኩ። ጧት የሚመጡት ብዙ ሆነው ነው ያለኝ አሁን ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸው።

ቁም ሳጥኑ ተጎትቶ በሩ ተከፈተ። ላቡ ይንጠባጠባል። ልብሳችንን አንድ በአንድ አየ።

«ማን?» አለ።

«እናትህ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሴቶቹ ገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ለቅሶው ተነሣ። ነርሷም እሪ አልልም ያለችው ቀድማ አለቀሰች። ታክሲ ነጂው ከጎኑ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ትከሻውን ያዘው። ሙሴ ስለማያውቋት እናቱ የሚያለቅሱትን የማያውቃቸውን ሰዎች እያየ ቆየና እሱም አለቀሰ። ያን ጊዜ ደግ ሠርቻለሁ የሚል ነገር መጣብኝ። አልቆየም።

ሻይ መጣ። ሙሴ ብርጭቆውን እንደያዘ በፈረንሳይኛ «መቼ ነው?» አለኝ።

«ሰኞ።»

በጣቱ ቆጠረ። «ማክሰኞ ስስቅ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«የት ቀበሯት?»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ እህቱ የጠየቀችውን፣ እኔ የመለስኩትን። ከእኔና ከእሱ በቀር ፈረንሳይኛ የሚሰማ የለም፤ አንደኛው ሽማግሌ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል፣ ነርሷ ዳቦ ትቆርሳለች። ሙሴ አልጮኸም።

«አባቴ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ እዚያው ቤት አመጣት» አለኝ። «ከዚያን ቀን እስኪሞት እናቴ በአንድ ጣራ ሥር እየኖረች አንድ ቃል አላናገረችውም። ስሰናበታት በሩ ላይ ‹ከእሱ አጠገብ እንዳታስተኛኝ› አለችኝ። ቃል ሰጠኋት። ለእህቴ አልነገረቻትም፤ ሴት ልጅ ከአጎቶቿ ጋር እንድትጣላ አልፈለገችም። እኔ ብቻ ነበር የምናገረው። አንድ ቃል ብቻ ነበር።»

«አላወቅኩም» አልኩት።

«አልጠየቅክም» አለኝ።

ተነሥቶ ወደ እኔ ክፍል ሄደ፤ ተከተልኩት። ስልኩን አንሥቶ ደወለ። መጀመሪያ በእነሱ ቋንቋ ነበር፣ አልሰማሁትም። ከዚያ የእህቱ ጩኸት ከስልኩ እያፈተለከ ይሰማ ጀመር። በፈረንሳይኛ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አላት። «አይደለም፣ ሽማግሌው አልተሳሳተም። እኔ ነኝ። ከአባባ ጋር ያልኩት እኔ ነኝ።» እሷ ጮኸች። እሱ ቆሞ ተቀበለ። ዘጋችበት።

«ለምን?» አልኩት። «ሽማግሌው ነው ያለው አትላትም?»

«የማታውቀው ሰውዬ እናቷን ቀበረ ልበላት? ከእኔ ቢሆን ይሻላታል። ቢያንስ የምትጣላው ወንድም አላት።»

ሁለት ወር አላናገረኝም። በኮሪደሩ ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያው ነው። እህቱም አልደወለችም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በሬን መታና እሄዳለሁ አለኝ። ወረቀቱ የጥገኝነት ነው፤ ወደዚያ አገር ከተመለሰ እዚህ አይመለስም። ልጄ ከሳን ሆዜ መጥታ ለመነችው፤ «ይገድሉዎታል» አለችው። እኔም ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሻንጣውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እህቴ እናቴን የጣልኩ መስሏታል» አለ። «ይሄ በስልክ አይነገርም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ይሄን ሲለኝ እየቀለደ ይሁን እየወጋኝ እስካሁን አላውቅም። ሻንጣውን ለቀቅኩለት።

ከሄደ በኋላ ፊልሙ ታየ። ልጄ ኤል ሴሪቶ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። ብርቱካኑ ሲፈርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ሰዎቹ ሲስቁ ግን ከውጭ ሰማኋቸው። እውነትም ተዋናይ ነው።

አንድ ጊዜ ደውሏል። «ደርሻለሁ። እህቴ በሩን ከፈተችልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የለም። ቁጥሩን ስሞክር አይነሣም። ዜና ላይ አገሩ ሲጠራ የሚሉት አይገባኝም፤ ልጄ «ምንም የለም አባዬ» ትለኛለች።

በዚህ ሰሞን «ስለ እሱ የሰማሽው ነገር ካለ በዚያው ሰዓት ንገሪኝ» አልኳት። «በስልክም ይሁን። ሰው አትሰብስቢ።»

«እሺ» አለችኝ።

አላመንኳትም። የእኔ ልጅ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ጧት እሷና ነርሷ ከታክሲ ነጂው ጋር ሦስት ሆነው በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ንገሩኝ» አልኳቸው፣ ገና ሳይገቡ። እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ሐኪም ልንወስድህ ነው፣ ለጉልበትህ፣ አሉኝ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ የሦስቱንም ፊት እያየሁ ነበር።